አንድ ለእናቱ የቀን መቁጠሪያ

ሸዋንግዛው መቀመጥ አይሆንለትም። ከካርቱም ዳርቻ ከካላክላ መሀል ከተማ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ እንኳ እግሩን እያንቀጠቀጠ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ያስቆጣል። አባቱ በደርግ ጊዜ ካርቱም የገቡ መምህር ነበሩ፤ እሱ ለሱቅና ለክሊኒክ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈ ይኖራል።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት አንድ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም አሠራው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ የመመዝገቢያ መስኮቶች የየራሳቸው ተራ ቆጣሪ ነበራቸው፤ ለሁለት በሽተኛ አንድ ቁጥር እየሰጡ በር ላይ ሰው ሊያደባድቡ ደረሱ። ሸዋንግዛው ቆጣሪውን ሲንግልተን አደረገው፦ በመላው ፕሮግራም አንድ ለእናቱ፣ ሁሉም ክፍል ከያለበት እየጠራ የሚጠቀምበት። ጠቡ በማግስቱ ቆመ። ነገሩ ጣፈጠውና የቀን መቁጠሪያውንም እንደዚያው አደረገው። ለሐበሻ ታካሚ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የምታትም ቁልፍም ጨመረ፤ በዚህች ቁልፍ መኩራቱስ ለጉድ ነበር።

አብራው የምትሠራው ጀሚላ ግን አልተዋጠላትም።

«ተራው አንድ ይሁን፣ ልክ ነህ። ቀን ግን እንደየሰዉ ነው። አንዱ መስኮት ሲቀይረው ሌላው ሳያውቅ ይቀየርበታል። ለየመስኮቱ የራሱን ስጠው፣ ያ ሸዋ!»

«ለእያንዳንዱ ክፍል እየዞርኩ ላቀብል? ይሄ እኮ በአንድ መስመር አለቀ፤ ኻላስ!» አለ፣ እየተንጎራደደ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችና ተወችው።

ሐምሌ ላይ ማተሚያውን ሊያይ ክሊኒኩ ሄዶ፣ ያገለገሉ ካርዶች በሚጣሉበት ሣጥን ውስጥ አንድ ካርድ ዓይኑን ያዘው። ዝናሽ ይላል፤ ቀጠሮ 3/7። ኮምፒውተሩ ላይ የዝናሽ የቀዶ ቀጠሮ 12/3 ነው። ሸዋንግዛው ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ፤ በእኛ ሰባተኛው መጋቢት ነው። መጋቢት ሦስትና የፈረንጆቹ ማርች አሥራ ሁለት አንድ ቀን ናቸው! በአንደኛው መስኮት መዝጋቢዋ ሙኒያ ካርዱን ስታትም፣ በሁለተኛው መስኮት የሐበሻዋን ቁልፍ ተጭነው ነበር፤ መቁጠሪያው አንድ ነውና የሙኒያም አብሮ ተቀየረ።

ሙኒያን ጠየቃት። ዝናሽ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ዘመኗን በእመቤቷ የፈረንጅ አቆጣጠር የምትኖር ሴት ናት። ካርዱ እንደሚለው በጁላይ ሦስት መጣች። ሙኒያ ካርዱን ሳታየው ሣጥን ውስጥ ጥላ፣ ኮምፒውተሩን አይታ፣ «ቀንሽ ካለፈ አራት ወር ሆነ፤ አንቺ ነሽ አሳስተሽ ያነበብሽው» ብላ መለሰቻት። ከውጭ የሚመጣው ቀዶ ሐኪም ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው፤ የዘንድሮውም በማርች መጥቶ ሄዷል።

ሸዋንግዛው አድራሻዋን ከመዝገቡ ይዞ ካፉሪ እስኪደርስ አላመነም። ሚኒባሱ መንገድ ሲዘጋበት ወርዶ በእግሩ ገሰገሰ። አፍሮ ነበር፤ በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። በሩን አንኳኩቶ እስኪከፈትለት ሦስት ጊዜ ሊመለስ ቃጣው።

ዝናሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። በደህናው ዓይኗ ልታየው አንገቷን አዘነበለች።

«እህቴ ዝናሽ፣ ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ 3/7 ነው የሚለው፤ ልክ ነው ያነበብሽው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ወላሂ?»

«በእግዜር።»

«እኔ እኮ ይሄኛውም ዓይኔ ከዳኝ ብዬ፣ ማዳምን በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት! ቁጥር መለየት ካቃተኝ የሰው ልጅ እንዴት አጥባለሁ፣ እሳት አጠገብ እንዴት እቆማለሁ ብዬ…» ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ክንዱን ያዘችው። «ልክ ካነበብኩማ ዓይኔ ድኗል ማለት ነው፤ አይደል ወንድሜ? ቀዶው ቀረልኝ ማለት ነው?»

«አልቀረም እህቴ፤ ያኛው ዓይንሽ ገና ቀዶ ይፈልጋል። ሐኪሙ ግን የሚመለሰው ለከርሞ ነው» አላት።

እጇን ከክንዱ ላይ አላነሳችም።