የትርንጎ ክንድ

በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወረቀት ጻፍሁ። ያን ወረቀት ብዙ ሰው ሰምቶታል። ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ግን ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። በየዓመቱ በፍልሰታ ንስሐ ስገባ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እናዘዛለሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አሁን ለእናንተ ለማታውቁኝ መንገር የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላየው ይሆን? እንዲያ ከሆነ ይህም ያው የድሮው ፍርሃቴ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬያለሁ። ድምፄ ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። ሒሳብና ፊዚክስ ለሚያስተምሩት ፕላዝማው ይጮኽላቸዋል፤ አማርኛ ግን በፕላዝማ አይሰጥም። የኋላዎቹ ተማሪዎች «ቲቸር፣ አልተሰማም!» ሲሉኝ ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባና ስወጣ ማንም ልብ አይለኝም ነበር።

በዚህ መካከል የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ኃላፊነት ሰጡኝ። እኔ እጽፋለሁ፤ ድምፀ መልካም የሆነች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ታነባለች። ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የእኔን ቃል እስከ መንገዱ ድረስ ይወስደዋል። ሁለት ሺሕ ተማሪ ጸጥ ብሎ ሲሰማ ከመስመሩ ኋላ ቆሜ አያለሁ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም። በዚያ ጣፋጭ ነገር ነው የሰው ልጅ አካል ያጎደልሁት።

ትርንጎ ፈንቴ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። እኔም ዝምተኛ ስለሆንሁ ነው መሰለኝ ትቀርበኝ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በቆሎ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥታ ዝንጀሮ የምታባርረው እርሷ ናት። በወንጭፍ የምትለቀው ድንጋይ ከማሳው ማዶ ያለውን ገደል ይመታል ይባላል። የስፖርት መምህሩ መምህር ስንታየሁ ይህን ክንድ አይተው የእጅ ኳስ አስያዟት። ኳስ ከያዘች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ስትወረውር ግብ ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

መምህር ስንታየሁ ሚኒ ሚዲያውን መያዜን እንደ ሰሙ ግቢው ውስጥ አስቆሙኝ።

«ስሚ እህቴ፣ ይችን ልጅ አታስወሪብኝ» አሉኝ። «መወርወር ታውቃለች፤ መጫወት ግን ገና ናት። ትከሻዋም አልጠናም። ዘንድሮን በዝምታ ታሳልፍልኝ። ለከርሞ የፈለግሽውን ጻፊ።»

«እሺ» አልሁ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርሁት ቃል ነው።

ታዲያ ለምን ጻፍሁ? በዚያች ሰኞ ከሰዓት አንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰው ልምምድ ሲያይ ቆየና «ይህን ክንድ የአዲስ አበባ አሠልጣኞች ቢያዩት ጉድ ይሉ ነበር» አለ። አለና ሄደ። እኔ ሚኒ ሚዲያው ያለበት ክፍል ገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ከቡሬ በቆሎ ማሳ የተገኘችው ባለ ወንጭፏ ትርንጎ ፈንቴ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከመራዊ ቡድን ጋር ትጋጠማለች። የአዲስ አበባ ታላላቅ አሠልጣኞችም ክንዷን በዓይናቸው ለማየት ይመጣሉ።» የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ፈጠርሁት። የተጠራ ሰው አልነበረም፤ የተላከ ደብዳቤም አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት። ፈጥሬም አልበቃኝ፤ ወረቀቱ ባዶ መሰለኝና ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አንሥቼ ግርጌው ላይ አሳረፍሁበት።

ማክሰኞ ጠዋት ሲነበብ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። በመምህራን ማረፊያ ሦስት ሰዎች ወንበር ሳቡልኝ። መምህር ስንታየሁ ብቻ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና «እውነት ይመጣሉ?» አሉ። «እንዲያ ሰማሁ» አልኋቸው። ዞረው ወደ ሜዳው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስለ እርሷ ጻፍሁ። ተማሪው ስሟን ትቶ ባለ ወንጭፏ ይላት ጀመር።

ወረቀት እግር እንዳለው አላወቅሁም ነበር። የአገሯ ልጆች፣ ከተነበበ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትን ነቅለው ዓርብ ለስንቅ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ። እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቆሞ አነበበው። ትርንጎ ናት በኋላ የነገረችኝ። የአባቷ የአያ ፈንቴ ጎረቤት አያ ይሁኔ፣ ነገር ሳያጣሩ የማያምኑ ሰው ናቸው አሉ፤ «ማኅተም አለበት?» ብለው ጠየቁ።

«አለበት።»

«እስቲ ወዲህ አምጣው።» ማንበብ አይችሉም፤ ክቡን ሰማያዊ ማኅተም በጣታቸው ዞሩት። «እንግዲያው ምን ቀረን? የፈንቴን ማማ እኛ በተራ እንይዘዋለን። ልጅቱ ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ለዝንጀሮ ብላ አትመላለስ። ክንዷን ትያዝ።»

አሥር አባወራ ተራ ገባ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይጻፍም፤ ግን አይረሳም። የራሳቸው በቆሎ ቆሞ ሳለ የአያ ፈንቴን ሲጠብቁ ሰነበቱ። በአያ ይሁኔ ተራ ዕለት ዝንጀሮ መንጋውን ይዞ የእርሳቸውን ማሳ ጫፍ ገብቶ አወደመው። «ዝንጀሮም ወረቀቱን ሰምቷል፤ ባለ ወንጭፏ እንደሌለች አውቋል» ብለው ሳቁ አሉ። ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። «ቲቸር፣ ሰው በእኔ የተነሣ በቆሎውን አጣ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከልምምድ የምትወጣው ከሁሉ ኋላ ሆነ። ግድግዳው ላይ ብቻዋን ስትወረውር ድው፣ ድው የሚለው ድምፅ እኔ ፈተና የማርምበት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ሰምቼ ምን አደረግሁ? «የትርንጎ ትጋት» ብዬ ሌላ ወረቀት ጻፍሁ።

ኅዳር አሥር፣ ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ሚኒ ሚዲያው ክፍል መጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ፀጉሯ እንደ ነገሩ ታስሯል።

«ቲቸር፣ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ።»

«እንዴት ማለት?»

ቀኝ እጇን ከፍ ልታደርግ ሞከረች። ጆሮዋ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ፀጉሯን የአክስቷ ልጅ ታስርላት ከጀመረች ሳምንት ሆኗታል አለችኝ።

«ለመምህር ስንታየሁ ይንገሩልኝ» አለችኝ። «እኔ ብናገር ፈራች ይላሉ። ማማዬን የያዙት ሰዎች ይመጣሉ። እርስዎ ከነገሩልኝ ግን ያምኑዎታል፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት።» ቀጥላም «የአዲስ አበባዎቹስ? አንድ ወር ቆይተው ቢመጡ አይሆንም?» አለች።

ያን ጊዜ «ማንም አይመጣም ልጄ፣ ዋሽቼ ነው» ብል ምን እሆን ነበር? አፍር ነበር፤ ከኃላፊነቱ ያነሡኝ ነበር። ሌላ ምን? ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ ያው ነው፤ ማፈር ብቻ ነበር።

«አይዞሽ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኋት። እጄን ሳመችኝ። በቀኝ እጇ ሳይሆን በግራ እጇ ነው የያዘችኝ።

ወደ መምህር ስንታየሁ ሄጃለሁ። ይህን የምናገረው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ጥፋቴ ካለማወቅ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው በኖራ መስመር ያሰምሩ ነበር። ቀና ብለው «ምነው?» አሉኝ። እርሷ ካልገባች ሰው ሁሉ ዞሮ የአዲስ አበባዎቹን ይፈልጋል ብዬ አሰብሁ። «የመራዊዎቹ ስንት ሰዓት ይገባሉ?» አልሁ። «አራት ሰዓት» አሉኝ። አመስግኜ ተመለስሁ።

የሚካኤል ዕለት ገበሬው ሥራ አልያዘም። አስቀድሶ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ አሥሩም አባወራዎች ነበሩበት። አያ ይሁኔ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዳር ቆሙና የመራዊን ግብ ጠባቂ አዩ። «ኧረ ይህማ የእኛው ሥራ ነው! ያችኛዋ ማማ አልሠሩላትም እንጂ በቆሎ ጠባቂ ናት» ሲሉ የቆመው ሁሉ ሳቀ።

አያ ፈንቴ ግን አልሳቁም። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። ሰው አሳይቷቸው ወደ እኔ መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የኔ እመቤት፣ የጻፍሽልን አንቺ ነሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥልን። የአዲስ አበባዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

እጄ ራሱ ተነሣ። ጃንጥላ ሥር የተቀመጡ፣ ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች አሳየኋቸው። ከመራዊ ከቡድኑ ጋር የመጡ መምህራን ነበሩ። አያ ፈንቴ ሄደው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተነሥተው አጸፋውን መለሱ። እኔ ይህን ቆሜ አየሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእኒያ አባት አጎነባበስ ነው።

ትርንጎ ገብታለች። ከመስመሩ ውስጥ ሆና ወደ እኔ አየች፤ ነግረውልኛል ብላ መምህሩ እንዲያስወጧት የምትጠብቅ ይመስላል። ዓይኔን ከእርሷ አነሣሁ። ግማሹን ጨዋታ ኳሱን ለሌሎች ስታቀብል ቆየች። ከዚያ ተማሪው «ባለ ወንጭፏ! ባለ ወንጭፏ!» እያለ መጮኽ ጀመረ፤ እኔ ያወጣሁላትን ስም። የአገሯ ሰዎችም ተቀበሉት። ኳሱን ያዘች፣ ዘለለች፣ ወረወረች። ኳሱ እየተንከባለለ ግብ ጠባቂዋ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ከወዲያ ማዶ የሳቁ ነበሩ። እርሷ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባጭሩ ልናገር፤ መጨረሻ ላይ የምናገረው ሌላ ነውና። ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ በኋላ ወጌሻም አይቷታል። ክንዷ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም። ትምህርቱን በዚያው ተወችው። ዛሬ ባል አግብታ ሁለት ልጆች አሏት፤ እንስራዋን ሰው ያሸክማታል፣ የልጇን ፀጉር ጎረቤት ይሠራላታል። በቆሎ ሲያፈራ ማማው ላይ ሌላ ሰው ይወጣል። መምህር ስንታየሁ «አሠልጣኝ ሆኜ እንዴት አላየሁም?» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ከርመው ቡድኑን ተዉት። እኔ በአጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ፈተና አርም ነበር። አያ ይሁኔ ስለ በቆሏቸው አንድ ቀን አላነሡም አሉ። የአዲስ አበባዎቹም ልጅቱ ስትወድቅ አይተው እንደ ሄዱ ነው የሚታመነው። ውሸቴን እንኳ ማንም አልደረሰበትም።

ከጨዋታው በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባሁ። ተማሪው ዜና ይጠብቃል። ብዕሬን አንሥቼ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ጀግናዋ ትርንጎ ፈንቴ ሕመሟን ለማንም ሳትነግር፣ ለትምህርት ቤቷ ክብር ስትል ተጫውታለች።» ለማንም ሳትነግር። እያወቅሁ ጻፍሁት። ማኅተሙንም አሳረፍሁበት።

ሲነበብ ትርንጎ በግቢው በር አጠገብ ቆማ ነበር። ክንዷ በእናቷ መቀነት አንገቷ ላይ ታስሯል። አባቷ ወደ አገር ሊወስዷት ደብተሮቿን በፌስታል ይዘዋል። ድምፅ ማጉያው ቃሌን እስከዚያ አደረሰው። ተማሪው አጨበጨበ። አያ ፈንቴ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ከመስመሩ ኋላ ስለነበርሁ ሰማኋቸው።

«ምነው ልጄ? ለሰው ባትነግሪ ለእኔ እንኳ ምነው ደበቅሽኝ?»

ትርንጎ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። መናገር ትችል ነበር። አሥር እርምጃ እንኳ አንራራቅም።

«ይቅር በሉኝ አባዬ» አለች። «አልነገርሁም።»

የእኔን ይቅርታ እርሷ ለመነችው። እኔ ግን ማኅተሙን መለስሁ፣ እጄ ላይ የቀረውን ሰማያዊ በመሐረብ ጠረግሁ፣ ወደ አሥረኛ ክፍል ገብቼ ስም ጠራሁ። ስሟ ላይ ስደርስ ድምፄ እስከ መጨረሻው ዴስክ ተሰማ። «የለችም» አሉኝ። ቀሪ ብዬ ምልክት አደረግሁባትና ቀጣዩን ስም ጠራሁ።