ከድሬዳዋ ሐረር፦ የወደቀ የዓይን ቆብና ያልተሰበረ አንገት

ከድሬዳዋ የተነሣሁት ማለዳ ነው። ጉዳዬ ሁለት ነበር፦ መጀመሪያ ሐረር ሐኪም ዘንድ መቅረብ፣ ከዚያ የግራዝማች ወርቅነህን ልጅ ጽጌን እንዲድሩልኝ ደጃቸው መሄድ። ሁለቱንም ያገናኛቸው ዓይኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሁለቱም ዓይኖቼ ቆብ ወድቆ ብሌኔን ይጋርዳል፤ ሰው ለማየት አገጬን ማንሣት ግዴ ነው። አምና ግራዝማች ፊት እንደዚያው ብቆም «አንገቱን ላልሰበረ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቼ ሕመም መሆኑን ቢነግሯቸው «እንግዲያው ታክሞ ይምጣ» ብለው መለሱ። ታከምኩ። ቆቡ ተቀዶ ተሰፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወደቀ። የተረፈኝ ጠባሳው ነው።

ዳገቱ ላይ

አውቶቡሱ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ የአወዳይ ጫት ነጋዴ እናት ሲያዩኝ ቆይተው መታገሥ አልቻሉም።

«ወላሂ፣ ምን በደልኩህና ነው ከላይ ሆነህ የምታየኝ?»

«ዓይኔ ነው እማማ። ቆቡ አልነሣ ብሎኝ ነው።»

«አላህ ያሽርህ! እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ።»

ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። የዓለማያ ሐይቅ እስኪታየን ድረስ ስለ ጫት ዋጋና ስለ ዝናቡ ሲያጫውቱኝ መጡ።

ረፋድ፣ ሐረር

ሸዋ በር ወርጄ ትኩስ ሳምቡሳ ቀመስኩና ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የቀደዱኝ ሐኪም ቆቤን በጣታቸው አንሥተው ለቀቁት።

«አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አሉ።

በጣም ተናደድኩ፤ ግን ምን ይደረጋል። «አሁንስ ምን ይሻለኛል?» አልኳቸው።

«ቆቡን ከግንባርህ ጋር በክር ማሰር እንችላለን። ግን ተኝተህም ዓይንህ ላይከደን ይችላል፤ ከደረቀ ብርሃንህን ያሳጣሃል። ካልሆነ መነጽር ላይ ቆቡን ደግፎ የሚይዝ ሽቦ እናሠራልሃለን። ያም ካልጣመህ እንዳለ መተው ነው።»

ሽቦውን መረጥኩ። እዚያው ያለው መነጽር ሠሪ መነጽር ላይ አበጀልኝ።

ወደ ኤረር በር

መነጽሩን አድርጌ በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ወደ ግራዝማች ቤት ወረድኩ። አገጬ በቦታው ሆኖ ጫማዬንም፣ በኖራ የተቀባውን ግንብም፣ የሚያልፈውንም ሰው አየሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጽጌን እንዲህ አድርጌ ላያት ነው እያልኩ ሄድኩ።

ግራዝማች ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እጅ ነሣሁ።

«ሽማግሌ ፊት በመነጽር?» አሉ።

«አባባ፣ ሽቦው ነው ዓይኔን የያዘልኝ። ካወለቅሁት እርስዎን አላይም።»

«የዓይንህን ነገር ለሐኪም ንገር። እኔ የጠየቅሁህ አንገትህን ነው።»

አወለቅሁት። ቆቤ ወደቀ፤ አንገቴን ደፋሁ፤ ከምንጣፉ በቀር የሚታየኝ ጠፋ። በየማኅበሩ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ አማች ስንመርጥ ግን የምንሻው አንገት ደፊውን ነው። ግራዝማችም «አሁን ሰው ሆነሃል፤ ሰጥቼሃለሁ» አሉ።

ለምሳ እጅ መታጠቢያ ቀረበ። የምታፈሰው ጽጌ መሆኗን በእጆቿ አወቅሁ። እጄ ከጸዳ በኋላም ውኃው አልቆመም። ማንቆርቆሪያው ሊያልቅ ሲል ቀና ብዬ እንዳያት እየጠበቀችኝ መሆኑ ገባኝ። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና አላልኩም። እጆቿ ሄዱ።

መመለሻ

በማታው አውቶቡስ ድሬዳዋ ገባሁ። ጉዞው አንድ ነገር አስተማረኝ፤ የዓይኔ መድኃኒት ተገኝቷል፣ ለሰው ግትርነት ግን ሐኪም አልተገኘም። መነጽሩን አድርጌ እናቴ ፊት ቆሜ ግራዝማች እንደፈቀዱ ነገርኳት። ዕልል አለች።

«ለመሆኑ ጽጌ እንዴት ናት? ከስታለች ወይስ አምሮባታል?»

«አላየኋትም» አልኳት።