በአንድ እስክሪብቶ የሞላሁት የስኳር ደብተር

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም አልነበረም። ቢያመኝማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ ካልሲ በደም ርሷል። ጫማውን ገልብጬ ሳራግፈው የጠመኔ ስባሪ ዱብ አለች። ጥፍር የምታህል ናት። ጠዋት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተሰብራ ጫማዬ ውስጥ ገብታ መሆን አለበት። በእሷ ላይ ቆሜ አምስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፣ ከዚያም ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ መጣሁ። ከትንሿ ጣቴ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ቀዩ ሥጋ ይታያል። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ምንም።

«ተመስገን፣ አያመኝም» አልኩ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ጀመረ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ካላመመው መደንገጥ እንጂ ማመስገን አልነበረበትም።

ጽጌ እባላለሁ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የምኖረው ከልጄ ከሜሮን ጋር ነው፤ እሷ ደምበል አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። ይህን የምጽፈው እግራችሁ ላይ ቁስል ይዛችሁ ለሐኪማችሁ «ስኳሬ ደህና ነው» ለምትሉ ነው። ኧረ ዐውቃችኋለሁ፣ እኔም ከእናንተው ነኝ።

የመጀመሪያ ሕክምናዬ የራሴው ነበር። ውሃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ እግሬን ዘፈዘፍኩ። ሜሮን ከሥራ ስትገባ «እስቲ ልይልሽ» ብላ እጇን ብትከት ጮኻ አወጣችው። «እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? ይሄ እኮ ሻይ ይፈላበታል!» አለችኝ። ለኔ ለብ ያለ ነበር። እግሬን ሳወጣው ቆዳው ተልጦ ከቁስሉ አጠገብ ሌላ ቁስል ተጨመረ። በማግስቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ዶክተሯ የሜሮን እኩያ ብትሆን ነው። እግሬን በቀጭን የላስቲክ ክር ነካ ነካ እያደረገች «ሲነካዎት ይንገሩኝ» አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ለካ ነክታ ጨርሳለች። «ይሄ ኒውሮፓቲ ይባላል፤ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶታል» አለች። ቀጥላም «ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። እግሩ ላይ አይቁሙበት። ስኳሩን ያውርዱልኝ። ስኳር ከፍ ካለ ደሙ ቁስሉ ጋ በደንብ አይደርስም፣ ጀርሙን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴልም ይደክማል። እኔ የፈለግኩትን አንቲባዮቲክ ባዝዝልዎት ብቻውን አያድንም» አለችኝ። ከዚያ አንድ ትንሽ ደብተር ሰጠችኝ። በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆዴ ለክቼ ልጽፍበት ነው። ቀጠሮዬ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ፋሻ የምቀየረው ደግሞ በየሁለት ቀኑ ሰፈር ጤና ጣቢያ።

አሁን ስለ ደብተሩ እውነቱን ልናገር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሌላ ክሊኒክ ስኳሬን የለካው ሰውዬ ቁጥሩን በወረፋው ሁሉ ፊት ጮኾ ነበር ያነበበው። «ሦስት መቶ ዐሥር! እትዬ፣ ኬክ ቤት ነው እንዴ የሚኖሩት?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል የተማሪዬ እናት ነበረች። እኔ፣ ስገባ ክፍሉ ጸጥ የሚልልኝ ሴትዮ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዘዴ ያዝኩ። ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው እንጀራ እተዋለሁ። ጎመን ብቻ። ጠዋትና ማታ እስከ ወሎ ሰፈር በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። በአራተኛው ቀን በባዶ ሆዴ ስለካ መቶ ዐሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ። «ጎበዝ!» እባላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ መባል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ከክሊኒኩ ወጥቼ የመጀመሪያው ካፌ ገብቼ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ እጠጣለሁ።

ይህንኑ ዘዴ ቁስሉን ይዤም ቀጠልኩበት። መሄዱ ቢቀር ጎመኑ አልቀረም። ደብተሩን ግን በጎመን ማታለል አይቻልም። የመጀመሪያውን ሳምንት ለካሁ፤ 240፣ 265፣ 231፣ 288። ቁጥሮቹን ሳያቸው ያ የክሊኒክ ወረፋ ሲስቅ ተሰማኝ። ገጹን ቀደድኩት። በቃ፣ መለካቱንም ተውኩ። በቀጠሮዬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የሁለት ሳምንቱን ቁጥር ሞላሁት። 112፣ 121፣ 117፣ 125። ልጆች ደወል ሳይደወል የቤት ሥራ ሲገለብጡ ስንቱን ይዣለሁ መሰላችሁ! እኔው ራሴ።

በመካከሉ የምበላውን ልንገራችሁ። ሁዳዴ ነበር። «ሥጋና ቅቤ ካልነካሁ ስኳር ከየት ይመጣል?» እላለሁ። ዳቦ እበላለሁ፣ ድንች እበላለሁ፣ ሩዝ እበላለሁ። ከዚያ ደግሞ ጠያቂው! የታመመ ይጠየቃል፣ ደግ ባህል ነው፣ ግን ስኳር የታመመን ሰው የማንጎ ጭማቂ ይዞ መጠየቅ ምን ይሉታል? የግቢያችን ጎረቤት እትዬ ብርቄ ከፊቴ ቁጭ ብለው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል? የሰው ሞት ተጠርቶብኝ! እሳቸውን ሳላስቀይም እግሬን አስቀየምኩ።

መካሪውስ? አንዱ ሺፈራው ቅጠል አፍልተሽ ጠጪ ይላል። ሌላው ግራዋ። ሌላው አብሽ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ማር ቀቢበት አለኝ፣ ቀባሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪው «ኢንሱሊን እንዳትጀምሪ፣ ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት» አለኝ። ይህንንም አመንኩ። ሳይቆሙ ማስተማር አይሆንም ብዬ ቆሜ ማስተማሬንም ቀጠልኩ። ተቀምጦ የሚያስተምር አስተማሪ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ እንደነበረ ነው። አራተኛው ሳምንት ሰፋ። አምስተኛው ላይ ጠርዙ ጠቆረ። ፋሻ የምትቀይርልኝ ሲስተር «ማዘር፣ ይሄ ነገር ለምን እምቢ አለ?» ትለኛለች። ዶክተሯ ደብተሬን ታያለች፣ ቁስሉን ታያለች፣ ግንባሯን ታሻለች። አንቲባዮቲኩን ቀየረችው። ደግማ ቀየረችው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ! «እነዚህ የዘንድሮ ሐኪሞች ምንም አያውቁም» ብዬ ለሜሮን አማሁላት። ሴትዮዋ በኔ የውሸት ቁጥር ዓይኗ ታስሮ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ስምንተኛ ሲ ክፍል ገብቼ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሞተ ነገር ሽታ። «ቁም ሣጥኑ ሥር አይጥ ሞታለች፣ ተነሡና አንሡት» ብዬ አዘዝኩ። ቁም ሣጥኑን አንሥተው ጠረጉ። ምንም የለም። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ሽታው ተከተለኝ። ከልጆቹ አንዷ መስኮት ከፈተች። ማንም ወደ እግሬ አላየም።

ያን ጊዜ ገባኝ።

ክፍሉን ለተረኛ አስተማሪ ትቼ ቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ኤክስሬይ ተነሣሁ። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ኦስቲዮማይላይተስ ይሉታል። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ብዙ አላወራም። «ጣቷ መውጣት አለባት። ስኳሩ ካልተስተካከለ ግን የቆረጥንበትም አይድንም። ያኔ እግሩን ነው የምናወራው» አለ። ሜሮን እጄን ጨበጠች። እኔ ስለ ጣቴ አላሰብኩም። እግሬን ካጣሁ ሰሌዳ ፊት አልቆምም። እሱን ነው ያሰብኩት።

ዶክተሯ ተጠርታ መጣች። «ስኳራቸው እኮ ጥሩ ነው» እያለች ደብተሬን ገለጠች። ከዚያ አንድ ምርመራ አዘዘች። ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ይባላል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ምርመራ አንድ ጊዜ ታዞልኝ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። አሁን ውጤቱ መጣ። ዐሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ይቺ የሦስት ወር አማካይ ናት። ሦስት ቀን ቢጾሙላት አትታለልም። ወደ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ማለት ነው» አለችኝ።

አማካይ! ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ስንት ዓመት ያስተማርኩትን። ሳላስበው በጭንቅላቴ ሠራሁት። ከዐሥራ አራቱ ቀን ሦስቱ መቶ ዐሥራ ስምንት ከሆኑና አማካዩ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ከሆነ፣ የቀሩት ዐሥራ አንድ ቀኖች በአማካይ ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ናቸው። ያ ሰውዬ በወረፋው ፊት ከጮኸበት ይበልጣል።

ደብተሩን ወደኔ አዞረችው። «ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ ነው። ጽሕፈቱም ይዘላል፣ መንገዱ ጎርባጣ ነበር መሰለኝ» አለች። በቁጣ አይደለም። «ለምን?»

«እንዳትቆጪኝ ብዬ» አልኳት። ልጄ የምታህለውን ሴት።

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ ልቆጣዎት አልነበረም። መድኃኒቱን ልቀይርልዎት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቢላዋውም፣ መርፌውም፣ የቀረውም ሁሉ እንደዚያች ቃል አላመመኝም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ኢንሱሊኑ እዚያው ነበር። ሰጪዋም ነበረች። የከለከልኳት እኔ ነኝ።

ጣቴ ወጣች። ሐሙስ ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት። ወገቤን በመርፌ አደንዝዘውኝ መቀሱ ሳህን ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ የግራ ጫማዬን ሳይ ነው።

ያገገምኩበት ጊዜ ረጅምና አሰልቺ ነበር፤ አያልቅም ያልኩት ፋሻ፣ ጠዋትና ማታ ሆዴ ላይ የምወጋው ኢንሱሊን፣ ሜሮን ቢሮ ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ «እማዬ፣ ለካሽ? ስንት ነው? ሳትዋሺ!» የምትለው ነገር እስኪሰለቸኝ ድረስ በየቀኑ ተደጋገመ። ኢንሱሊን ደግሞ እንዳሉኝ አልገደለኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወግቼ ቁርስ ሳዘገይ ላብ አጥለቅልቆኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወዲህ ከረሜላ ከቦርሳዬ አይለይም። እትዬ ብርቄም የነገሩን ክብደት ሜሮን በማያሻማ አማርኛ ስታስረዳቸው ደንግጠው ጭማቂውን ትተው የተቀቀለ ጎመንና እንቁላል ይዘው ይመጡ ጀመር፤ አሁንም «በሞቴ» ይላሉ፣ ግን በጎመን። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ሲስተር ፋሻውን ፈትታ «ማዘር፣ ዛሬ የምጠቀልለው ነገር የለም» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ክፍል የተመለስኩት በልዩ ጫማ ነው፣ የማስተምረውም አብዛኛውን ተቀምጬ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ልጆቹ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ በላይ ይገባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ የተገለበጠ የቤት ሥራ አስረከበችኝ። ስህተቱ እንኳ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በር ነበር የማሳያት። «ለምን ገለበጥሽ?» አልኳት። «አልገባኝም ብል ይቆጡኛል ብዬ» አለችኝ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት «ያልገባችሁን ጠይቁ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የምለው ሌላ፣ ፊቴ የሚናገረው ሌላ ነበር ማለት ነው። ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

እንግዲህ ስሙኝ። ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ። የእግራችሁን መዳፍ በየቀኑ እዩ፣ ዓይናችሁ ከደከመ ሰው ያይላችሁ። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ የውሃውን ሙቀት እግራችሁ አይነግራችሁም። ጠበል ሄዳችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ጫማ ስታወልቁ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉ፣ እግዜር አይቀየምም። ቁስል ያለበት እግር ላይ አትቁሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ከሁሉ በላይ ግን መጥፎውን ቁጥር አሳዩ። ሐኪሙ የሚያክመው ቁጥሩን ነው፤ የውሸቱን ከሰጣችሁት የውሸቱን ያክመዋል። እናንተ ሐኪሞችም፣ እባካችሁ፣ ቁጥራችንን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለዶክተሯ፣ ለሲስተር፣ ለቀዶ ጥገናው ሐኪም፣ መስኮቱን ለከፈተችው ልጅ፣ ለሜሮኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስታስቸግረኝ ለነበረችው ጣቴም ነፍስ ይማር።

ትናንት የእትዬ ብርቄ የልጅ ልጅ ሠርግ ነበር። ኬክ ቀመስኩ፤ ማለቴ፣ በላሁ። ዛሬ ጠዋት ስለካ 213። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። 123 ለማድረግ ቁጥሮቹን ማቀያየር ብቻ ነበር። 213 ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑም «ኬክ»። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።