ከባዱ ኩሽኔታ በየት በኩል ይግባ

ከሰቆጣ ወደ ቆላው ዝቋላ የሚወርደው መንገድ ሲቆረጥ ዶዘር የምነዳው እኔ ነበርሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ከሁሉ ጠባብ ከሆነው ቦታ ስንደርስ ማሽኗ ተንቋቋችና ቆመች። ከሰንሰለቷ ሥር ክብደቷን ተሸክመው የሚንከባለሉ ወፋፍራም ብረቶች አሉ፤ ሮለር እንላቸዋለን። ከቀኝም አንድ፣ ከግራም አንድ፣ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ደቆ፣ አልዞርም ብሎ ደረቀ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ መሐል ላይ እኛ።

አለቃዬ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ደግ ሰው ነው፣ ኩሽኔታ ሊያመጣ በበቅሎ ወደ ሰቆጣ ወጣ። እሱ ዞር ከማለቱ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ደረሰ። ማሽኗ መንገዱን ሞልታዋለች፤ ከብት አያልፍም።

«መንገድ ትከፍታለች ሲሉን ውታፍ ሆና አረፈችው!» አለች ጨው ያስጫነች ሴት።

አንዱ ደግሞ በኽምጥኛ፣ «በሬ መስላው ይሆናል፤ ጭራዋን ጠምዝዛት በሉት» ብሎ አሳቃቸው። የእናቴ ቋንቋ ነውና ገባኝ።

ሸክሙን እየተቀባበሉ በማሽኗ ላይ አሳለፉት፤ አህዮቹን ወደ ሰቆጣ መለሷቸው። አንድ ሽማግሌ ግን ቀሩ።

«አባቴ፣ እርስዎም እንደ ሰዉ ሸክምዎን ያሳልፉ» አልኋቸው።

«የገዛሁት በሬ ነው። ልሸከመው?»

አንዱ በሬያቸው ሞቶ ኖሯል፤ ይኼ ማጣመጃው ነው። ዝናቡ ጀምሯል፤ በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ ሙላት ዘግቶታል። ዘር ካለፋቸው ዓመቱ አለፋቸው። በዱላቸው መሬቱን መቱና፣ «በንጉሥ አምላክ! በሬዬን ሳታሳልፍ ከዚህ እንዳትነቃነቅ!» አሉኝ።

ያን ጊዜ ይኼ ቃል ከገመድ ይብስ ነበር። ያሰረህ ሰው ካልፈታህ ወይም ዳኛ ፊት ካልቆምህ ንቅንቅ የለም። እሳቸውም ቢሆኑ ጥለውኝ አይሄዱ። ሁለታችንም በሬውም፣ ዝናብ እየወረደብን ከማሽኗ ጎን ተኮራምተን አደርን። ቆሏቸውን አካፈሉኝ፤ ፊታቸውን ግን አልፈቱም።

አለቃዬ በማግስቱ ሁለት ኩሽኔታ ይዞ መጣ። ቀዳዳቸው እኩል ነው። አንዱ ውስጡ ብይ በሚያህሉ ድቡልቡል ብረቶች የተሞላ፣ በጣት ሲነኩት የሚሽከረከር ነው፤ ለጭነት መኪና የሚሆን። ሌላው ውስጡ እንደ አጫጭር ግንድ የተደረደረ ብረት ነው፤ እየከበደ ይዞራል። ለእኛ የሚሆነን እሱ ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው ግን አንድ ብቻ።

ሽማግሌው ፈጣኑን በጣታቸው አሽከረከሩት። «ይኼስ ሰጋር ነው» አሉ። «ሰጋር በቅሎ ላይ ጨው ይጫናል እንዴ?»

«አይጫንም አባቴ። ግን ሌላ የለንም።»

እንግዲህ ከባዱ በየት በኩል ይግባ? አለቃዬ በተራራው በኩል አለ፤ ድንጋዩ የሚያስቸግረው እዚያ ነውና። እኔ ግን የሚሰበረው ጎን ማሽኗን ወደ ራሱ እንደሚጎትት አውቅ ነበር።

«ከተሰበረ ተራራው ይቀበለኝ» አልሁት። «ከባዱ በገደሉ በኩል ይሁን።»

ወደ ገደሉ አየት አደረገና፣ «ነጂው አንተ ነህ» አለኝ።

ገጠምናቸው። ወደኋላ፣ ሰፋ ወዳለው ቦታ፣ ሳር እንደምትግጥ ላም ቀስ አድርጌ ነዳኋት። ከገደሉ ጫፍ አፈር እየተናደ ሲወርድ ይሰማኛል። ሰፊው ቦታ ልንገባ ስንል ቀላሉ ኩሽኔታ እንደ ጥይት ጮኸ። ማሽኗ ተጠማዘዘችና ትከሻዋን ከተራራው ላትማ ቆመች። በገደሉ በኩል ለበሬ የሚበቃ መንገድ ቀርቶ ነበር።

ሽማግሌው በሬውን ዓይኑን በጋቢያቸው ሸፍነው አሳለፉት። ከወዲያ ማዶ ሆነው፣ «ፈትቼሃለሁ፣ ልጄ!» ብለው ጮኹልኝ።

እሳቸው ፈቱኝ። አለቃዬ ግን ሌላ ኩሽኔታ እስኪመጣ ማሽኗን ጠብቅ ብሎኝ ሄደ፤ ከኋላው ናዳ መንገዱን ዘጋው። ክረምቱን ከማሽኗ ጎን ከሸራ ውስጥ ሆኜ ከረምሁ። ጉሙ ሲገለጥ ቁልቁል፣ ከሩቅ፣ ጥንድ በሬ ሲያርስ አያለሁ። የእሳቸው ይሁን የሌላ ሰው፣ ማሽኗን ትቼ ወርጄ መጠየቅ አልቻልሁም።