የእንግዳው ስልክ

ባለፈው ሳምንት ከማጂ ወዲያ ከብት ሲነግድ የከረመው የእህቴ ልጅ ሚዛን ከተማ ካለው ቤቴ አረፈና ስልኩን አሳየኝ። ድንበር ሳይሻገር፣ ከኛው ተራራ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ወደ አገራችን እንኳን ደህና መጡ» የሚል የጎረቤት አገር መልእክት ገብቶለታል። «አጎቴ፣ እኔ እዚህ፣ ስልኬ ውጭ አገር!» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ግን የቴፒው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ ስል ልጄ ትስቅብኛለች። እሺ፣ ጎልማሳ ነበርኩ እንበል፤ ፀጉሬ ግን ጥቁር ነበር። ሞባይል ቴፒ ከገባ ብዙም አልቆየም፣ ያለው ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር የሚሄደው። እኔ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈም፤ ድምፅ ግን እግዜር ሰጥቶኛል። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞርኩ ስሙን፣ የአባቱን ስምና አገሩን እጠራለሁ። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ቤንቹም ሸኮውም ጉራጌውም ያለበት ስለነበር አንድ ደንብ ነበረው፤ ስሙ ሳይጠራ ማንም አፈር አይለብስም። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን ወደ እስላም መቃብሩ በምን ይለያል?

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። በዚያ ጊዜ ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ ማንም ማንንም ከየት ነህ ብሎ አያስጨንቅም። ያ ሰውዬም እንዲሁ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ»ን ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ኔትወርክ ጠንከር የሚልበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ለቃሚዎቹ ብቻውን ሲስቅ ይሰሙታል። እነሱ እንኳ የሚያወራበትን ቋንቋ አልለዩትም።

ወባ ጣለው። አንድ ቀን ጠዋት ሊቀሰቅሱት ቢሄዱ በርዶ አገኙት።

አስከሬኑን የቡናው መጋዘን ውስጥ አቡጀዲ አልብሰን አጋደምነው። ውጭ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል፤ ከኮረሪማው ቅጠል ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል። ጉሬዛዎቹ እንኳ ያን ቀን አልጮኹም። ሴቶቹ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ገና አንድ ሁለቴ እንደጎረስን ከአቡጀዲው ሥር ብርሃን በራ። ቀጥሎ ስልኩ ጮኸ።

ማንም አልተነቃነቀም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቦጋለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘለቀ፣ አንሳው እንጂ! ሬሳ የማትፈራ ሰው ስልክ ፈራህ?»

አቡጀዲውን ገልጬ ከኪሱ አወጣሁት። እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የደዋዩ ቁጥር አይታይም። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። ቋንቋዋን አላውቀውም። ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ጠየቀች።  ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ተሰማኝ። ተቋረጠ።

«የኛው አገር ሰው ነው» አሉ ጋሽ ቦጋለ ስልኩን እያዩ። «ይኸው፣ የኛው ቴሌ ስም ተጽፎበታል። ዙርና ዘመድ ያለው ይምጣ በል።»

ዞርኩ። በጉሙ ውስጥ ጡሩምባዬን እየነፋሁ «ዘመድ ያለው ይምጣ» አልኩ። የሸኮ ሰዎች መጡ፣ የመዠንገር ሰዎች መጡ፣ ከሸዋ ቤንች ልጁ የጠፋበት አንድ አባት ሳይቀር መጣ። ሁሉም ፊቱን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩ እንደገና ሲጮህ እያቀበልናቸው አዳመጡ። ቋንቋውን የሚያውቅ ጠፋ። ዓረብ አገር የሠራ ባለሱቅም አዳመጠና ዓረብኛ አይደለም አለ።

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልክ ጠጋኙን ምትኩን አስጠራነው። ስክሪኑን አገላብጦ አየና ከቴሌው ስም ጎን ያለች ትንሽ ሦስት ማዕዘን አሳየን።

«ጋሼ፣ ይህ ስልክ እንግዳ ነው። የኛ የቴሌ ማማ አሳድሮት ነው እንጂ ቤቱ ሌላ አገር ነው።»

«የት?»

«ሲም ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ይናገራል። ግን ለማየት ባትሪውን ማውጣት አለብኝ። መልሼ ስከፍተው ምስጢር ቁጥር ከጠየቀኝ አበቃ፣ ሴትዮዋም ዳግመኛ አታገኘንም።»

ጋሽ ቦጋለ ሬሳውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «አውጣው» አሉ።

ስልኩ ሲጠፋ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሰው ተጨማሪ የሞተ መሰለኝ። ምትኩ ካርዷን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አነበበ። የሲም ቁጥር ሁሉ በሰማንያ ዘጠኝ ይጀምራል፣ ከዚያ የሚቀጥለው የአገሩ መለያ ነው አለን። «ሁለት መቶ ሃምሳ አራት። ኬንያ!»

መልሶ ከፈተው። ምስጢር ቁጥር አልጠየቀም። እኛ ለመደወል ስንሞክር ግን እምቢ አለ፤ መጠበቅ ብቻ ቀረን። ናይሮቢ ኖራ የተመለሰችውን አስቴርን ከሱቋ አስመጣናትና ሬሳው አጠገብ ከበናት ተቀመጥን። ሕያዋን ሆነን የሟች ስልክ እስኪጠራ ስንጠብቅ አስቡት።

ጠራ። አስቴር አነሳችው፤ በስዋሂሊ አወራች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየን።

«ልጄ ከሞተ ቆይቷል ትላለች» አለችን በሹክሹክታ። «ራሷ ናት የቀበረችው። ስልኩ ግን በዚያው ጠፋ። ናፍቆቷ ሲብስባት ዝም ብላ ወደ ልጇ ቁጥር ትደውላለች። አንድ ቀን የሆነ ሰው አነሳው።»

«ታዲያ ይኼ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

አስቴር ጠየቀች፤ አዳመጠች። «እሷም አታውቅም። ስዋሂሊው እንደ ሕፃን የተሰባበረ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት ትላለች። ስሙን አልጠየቀችውም። ከጠየቅሁት እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ አለች። እማማ ይላታል፣ ልጄ ትለዋለች። ዛሬ ለምን አላነሳም ብላ ነው የምትጠይቀው።»

ማን ይንገራት? አስቴር ነገረቻት። ከስልኩ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ ሁላችንም ሰማነው።

«በምን ስም እንጥራው? የት እንቅበረው? በያት» አልኳት እኔ።

አስቴር ጠየቀችልኝና የሴትዮዋን መልስ ነገረችን። «በልጄ በጆሴፍ፣ በእኔም በዋንጂሩ ስም ጥሩት። ስጸልይለት አሜን ይለኝ ነበር፤ እንደ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ቅበሩት። ስትጠሩት ደግሞ ልስማ።»

ጋሽ ቦጋለ «ጥራ» አሉኝ።

ወጣሁ። አስቴር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ወደ እኔ ዘርግታው አጠገቤ ትራመዳለች። ጡሩምባዬን ነፋሁና «ጆሴፍ፣ የዋንጂሩ ልጅ፣ አገሩ ኬንያ፣ አርፏል!» አልኩ። በእናቱ ስም ሰው ስጠራ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነበር። በጠራሁ ቁጥር ከስልኩ ውስጥ ልቅሶ ይመልስልኛል። በየደጁ የወጣው ሰው ከጉሙ መሃል የማይታይ አልቃሽ እየሰማ አማተበ፤ ሌላው ቢስሚላህ አለ። ከመቃብሩ ሳንደርስ ባትሪው አለቀ።

አሁን አርጅቻለሁ፣ ጡሩምባውንም ለሌላ ካስረከብኩ ቆየሁ። የጠራኋቸውን ሁሉ ባላስታውስም ይህኛው ግን አይለቀኝም። የስልኩን ቤት አግኝተናል፤ የሰውየውን ቤት ግን ማንም አላወቀው። ቤተ ክርስቲያን ያስቀበርነው ሰው እስላም ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያች ኬንያዊት አልቅሳ ወጥቶላታል። እሱን የወለደችው ግን ከሆነ መንደር መንገድ መንገዱን እያየች ይሆናል፤ ልጇ መሞቱን የምትሰማበትን ስም እኔ አልጠራሁላትም።