ጦር ያልተሰካበት ጉማሬ

ከወንዙ ላይ ወገን የመጡ የነኸን ከተማ ጀልባዎች የኑብትን መንደር የወረሩ ለት ሄሲት እጇ በቀይ አፈር ቀለም ተነክሮ ነበር። ጎህ ከቀደደ ብዙም አልቆየ። ወንዙ ሞልቶ እስከ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ድረስ ወጥቷል። ባሏ ዋኒ ከማቃጠያው ያደሩትን ማሰሮዎች እያወጣ ነው፤ እሷ አንድ ሆደ ሰፊ እንስራ ጭኗ ላይ አጋድማ በእንስራው ላይ ከሣለቻት ጀልባ ስር መቅዘፊያዎቹን እየደረደረች ነበር። በሥዕል ጀልባ ብዙ መቅዘፊያ ይኖረዋል፤ ሙት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሙታን አገር፣ ሲሻገር እንዳይዘገይበት ነው። ግማሹን ሳትጨርስ ከውሃው ዳር ጩኸት ሰማች።

ሰዎቹ ከደንገሉ መሀል ወጡ። እያንዳንዳቸው ራሱ ድንጋይ የሆነ ቆመጥ ይዘዋል። ዋኒ በእጁ የነበረውን ትኩስ ማሰሮ የመጀመሪያው ሰው ፊት ላይ ከሰከሰው። ሁለተኛው፣ ረጅምና ትከሻ ሰፊው፣ አንገቱን ያዘው። ሲታገሉ ዋኒ ክንዱን ነከሰው፤ ሥጋው ተቦጭቆ ጥርሱ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ድምፁን እንኳ አላሰማም። ክንዱን አስለቅቆ በቆመጡ አናቱን መታው፤ ከወደቀ በኋላም ሁለቴ ደገመው። ከዚያ አንድ እግሩን የዋኒ ደረት ላይ አቁሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ሄሲት እየሮጠች ሄዳ ጀርባው ላይ ዘለለችበት። በክርኑ አገጯን ሲላት ሁለት ጥርሶቿ ረገፉ። ነፍሷን ስታውቅ አንገቷ ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች አንገት ጋር በአንድ ገመድ ታስሯል፤ ከኋላቸው ሰፈሩ ይነዳል። ከመካከላቸው አንዲት እርጉዝ ሴት መንገድ ላይ ወደቀች። ገመዱን ከአንገቷ ፈቱላት፤ ሴትዮዋን ግን አላነሷትም።

ነኸን ሲደርሱ ምርኮኞቹ ተከፋፈሉ። ሄሲት የደረሰችው ለዚያው ለረጅሙ ሰው ነው። ስሙ ኡጃው ይባላል። እናቱ ኢበት የታወቀች የሸክላ ሠዓሊ ነበረች፤ አሁን ግን ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አታይም። አሮጊቷ የሄሲትን እጅ ይዛ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ አሸተተቻቸውም።

«ቀለም ነው። ከማን ተማርሽ?» አለቻት።

«ከእናቴ።»

«እናትሽ ወፎቹን እንዴት ነበር የምትሠራቸው? አንገታቸውን አስረዝማ?»

«አዎ፣ በሰልፍ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያሉ።»

«እኔም እንደዚያ ነው» አለች ኢበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጠገቧ አላራቀቻትም። አብረው ጭቃ ያቦካሉ፣ አብረው ይበላሉ። ሄሲት ለኢበት የምታበስለውን አሣ ኡጃውም ይበላዋል። ስንት ጊዜ እሾሁን ሳታወጣ ልታቀርብለት አስባ ነበር። አላደረገችውም፤ አሮጊቷም ከዚያው ሳህን ነው የምትበላው።

በሁለተኛው ዓመት ኡጃው ለራሱ አንድ ትልቅ እንስራ አዘዘ፤ ድሉ እንዲሣልለት። ሥርዓቱን ሄሲት ታውቀዋለች። አሸናፊ ግዙፍ ሆኖ ይሣላል፣ ቆመጡንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። ምርኮኞች ከጉልበቱ አይበልጡም፣ እጃቸው የፊጥኝ ይታሰራል፣ ፊትም አይሣልላቸውም። እንደ ታዘዘችው ሠራች። ኡጃው መጥቶ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ቆየና ጠባሳ ያለበትን ክንዱን ዘረጋላት።

«የነከሰኝ ሰውዬ የት አለ?» አላት። «እሱን ከእግሬ ስር አድርጊው።»

ሄሲት ብሩሹን አስቀመጠች። ኡጃው ፀጉሯን ይዞ ግንባሯን ከእንስራው አፍ ጋር አጋጨው፤ እንስራው እንዳይሰበር ግን ተጠንቅቆ ነበር። ደሟን ጠርጋ ብሩሹን አነሳች። ዋኒን ትንሽ አድርጋ፣ ፊት አልባ አድርጋ፣ ከኡጃው እግር ስር አጋደመችው።

ከዚያ ወንዙ ሲጎድል ኡጃው ከወንድሙ ከሳቡና ከሌሎች ጋር ጉማሬ ሊያድን ወጣ። ሁለት ባለገመድ ጦር ሰኩባት። እንስሳዋ ግን ጥጃ ነበራት፤ ጀልባውን ከስር ገልብጣ ኡጃውን ወገቡ ላይ ነከሰችው። በደንገል አልጋ ተሸክመው ሲያመጡት አንጀቱን በእጁ ደግፎ ነበር። ሦስት ቀን ጮኸ። ያ በኑብት ሥጋው ሲቦጨቅ ድምፁ ያልተሰማ ሰው እናቱን እየጠራ ነው የሞተው። ሄሲት ግድግዳ ተደግፋ ሦስቱንም ቀን አዳመጠችው።

ኢበት አላለቀሰችም፤ ወይም ስታለቅስ ያያት የለም። የመቃብሩን ሸክላዎች ሄሲት እንድትሥል አዘዘች፤ ጀልባውን፣ የውሃውን ማዕበል፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው የሚቆሙትን ሴቶች። ድሉ በተሣለበት በዚያ ትልቅ እንስራ ባዶ ጎን ላይ ጉማሬዋም እንድትኖር ፈለገች። ይህም የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ በመቃብር ሸክላ ላይ ክፉ አውሬ የሚሣለው ጦር ተሰክቶበት፣ ገመዱም ተጠምጥሞበት ነው። በሥዕል ያልተወጋ አውሬ መቃብር ውስጥ ሕያው ሆኖ ከሙቱ ጋር ያድራል።

ሄሲት ጉማሬዋን አፏን ከፍታ፣ ደህና አድርጋ ሣለቻት። ጦር አልሰካችባትም። ኢበት ከጎኗ ተቀምጣ የብሩሹን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«ጦሩን አስገባሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አስገብቻለሁ፣ እማ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኡጃውን በሰሌን ጠቅልለው፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈው፣ ጉድጓዱ ውስጥ በጎኑ አስተኙት። እንስራውን ከራስጌው ሊያኖር ተሸክሞ የወረደው ሳቡ ነው። በብርሃን አየውና ቆመ። ከጉድጓዱ ወጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር ሄሲትን በፀጉሯ እየጎተተ እስከ ግቢው የወፍጮ ድንጋይ ወሰዳት። ቀኝ እጇን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ በጉልበቱ ተጫነው። መጁን አነሳ። አንዴ ሲመታት አጥንቷ ሲደቅ ሰማችው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አልሰማችም። መጁን ለአናቷ ሲያነሳ ኢበት በዳበሳ ደርሳ መሀል ገባች።

«ምን አድርጋ ነው?» አለች።

ሳቡ ነገራት። አሮጊቷ ሄሲት ያለችበትን በእጇ ፈልጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄን ሁለተኛ ልትገድዪው ነው?»

«እሱ የኔን ሰው አንዴ ገደለው» አለች ሄሲት። «ሁለተኛውን በገዛ እጄ አስገደለኝ። እዚያ እንስራ ላይ ከእግሩ ስር ያለው ባሌ ነው።»

ኢበት ይህን አታውቅም ነበር። ሥዕሉን ማን ይንገራት።

እንስራውን ከጉድጓዱ እንዲያወጡላት አዘዘች። ቀለም አስመጣች፣ ብሩሹንም በገዛ እጇ ያዘች። ሳቡ ቦታውን ላሳይሽ ቢላት ከለከለችው።

«አንቺ ምሪኝ» አለቻት ሄሲትን። «የት እንዳለች የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሄሲት ያልተሰበረ እጇ ግራው ነበር። ብትፈልግ ብሩሹን ወደ ባዶው ሸክላ ልትወስደው ትችል ነበር፤ ሳቡ ፊቱን አዙሮ ነበርና የሚያያት የለም። የአሮጊቷ እጅ በእጇ ውስጥ ነበር፤ ቀጭን ነው፣ ጥፍሩም እንደ እናቷ ጥፍር ቀይ አፈር የደረቀበት። ጉማሬዋ ጀርባ ላይ አደረሰቻት። ኢበት ጦሩን ሣለችው። ጠማማ ነበር፣ ገመዱም ከእንስሳዋ ሆድ አልፎ ውሃው ላይ ወጣ። እንደዚያው ተቀበረ።

ማታ ኢበት የሄሲትን ጣቶች አቃንታ በጭቃና በተልባ እግር ጨርቅ አሰረችላት። ከዚያ ለወራት ምንም አላነጋገረቻትም። አንድ ቀን ግን ድንገት ጭቃው ቀጥኗል አለቻት፤ እንደ ቀድሞው መሥራት ጀመሩ። ጣቶቿ ሲድኑ ተጣመው ቀሩ፤ በግራ እጇ መሣል ተማረች።

ኢበት ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተች። የመቃብር ሸክላዎቿን ሄሲት ስትሥል ሳቡ ከበላይዋ ቆሞ እያንዳንዷን መስመር ተመለከተ። ምንም የሚወቀስ አላገኘም። ከቀብሩ በኋላ ሄሲት ወደ ታች በምትወርድ የእህል ጀልባ ላይ ወጣች። ሳቡ ከወንዙ ዳር ቆሞ አያት፤ አላስቆማትም።

ኑብት ውስጥ ቤቷ የሌላ ሰው ቤት ሆኗል። አልተከራከረችም። ከጭቃ መቆፈሪያው አጠገብ ጎጆ ቀለሰች፣ ማሰሮ መሥራትም ጀመረች። በኋላ አንድ ሚስቱ የሞተችበት አሣ አጥማጅ አገባች። ወሬ የሚያበዛ፣ ሲበላም የሚያወራ ሰው ነበር። ጎረቤቶቿ «እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት «ዝም የሚል ሰው ነው የማልችለው» ትላቸው ነበር።