ምድርና ማርስ የተቀያየሩበት ቀን

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጋሼ ማቴዎስ አንድ ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «አልነሳ ብሏል፤ እየው» አሉኝ። ቤታቸው ሀዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ካፌ ጎን ያለች ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበረች። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ከሶዶ መምጣቴ ነው፤ ችሎታዬን ላሳይ ቸኩያለሁ። ክዳኑን ፈታሁ። ሚሞሪውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግሁ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ መጡና ጎንበስ ብለው ገመዱን ሶኬት ላይ ሰኩት። ተነሳ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉኝ ሳይስቁ። «ግን አይዞህ። ሮቦቶች ዓለምን ሊይዙ ሲነሱ አንተን ነው የምንልክባቸው። ሳትሰካ ትተዋቸዋለህ።»

ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ የተቀጠረው ታምራት ከስክሪኑ ቀና እንኳ ሳይል «ሀዋሳ ላይ ሮቦት አይነሳም፣ ጋሼ። ቻርጅ አድርጎ ሳይጨርስ መብራት ይጠፋበታል» አለ። እዚህ ቤት እንደምከርም ያን ጊዜ ገባኝ።

ሥራው ሲበዛ ቀልዱም ይበዛ ነበር። ቫይረስ የበላውን ላፕቶፕ «ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ገብቶበታል» እንላለን። ጋሼ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የፍጡራኑን ወሬ ሲሰሙ «እነሱንም የፈጠረ አንድ ነው፤ አሁን ሥራችሁን ሥሩ» ብለው ያልፉናል።

ዲስክ የምናስቀምጥባቸው ሁለት መደርደሪያዎች ነበሩን። ላይኛው ላይ ታምራት «ምድር» ብሎ ለጥፏል፤ በውስጡ ያለው ፋይል መትረፍ ያለበት ዲስክ እዚያ ይቀመጣል። ታችኛው «ማርስ» ነው። አየር የለም፣ የሚተርፍ የለም፤ እዚያ የተቀመጠ ዲስክ ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ሥራ ይውላል። ጋሼ ጽሑፉን አያነቡም፤ ለእሳቸው ላይኛው ላይኛው፣ ታችኛው ታችኛው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከታምራት ጋር ተከራከርን። እሱ የሰው ልጅ ማርስ ላይ መኖሩ አይቀርም ይላል። እኔ «ምን በልቶ?» አልኩት።

«እንሰት ይዘን እንሄዳለን» አለኝ። «ድርቅ የቻለ ተክል ማርስ ያቅተዋል?»

እንሰት በልቼ አድጌ ምን ልበል? ተሸነፍኩ። ታምራት ተነስቶ ሁለቱን ወረቀቶች አቀያየራቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ሕይወት ማርስ ላይ ነው» አለ። ላይኛው «ማርስ»፣ ታችኛው «ምድር» ሆነ። እኔም ስቄ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ቢሮ ለጥገና ወጣሁ።

ከምሳ በኋላ ስመለስ ቀልዱን ረስቼዋለሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ፋይል የምንጭንበት ባዶ ዲስክ ያስፈልገን ነበር። ዓይኔ እንደለመደው «ማርስ» የሚለውን አነበበ። ያገኘሁትን ዲስክ አነሳሁ፣ ሰካሁ፣ ከፍቼ ሳላይ ፎርማት አደረግሁት። የትምህርት ቤቱን ፋይል መገልበጥ እንደጀመርኩ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚይዝልን ዩፒኤሳችን ከሞተ ሰንብቷል፤ ሁሉም ጸጥ አለ።

ጋሼ በዚያው ጸጥታ መሃል «ላይኛው ላይ ያስቀመጥኩት የመምህርት አስናቀች ዲስክ የት ሄደ?» አሉ።

የሰካሁት እሱን ነበር። መምህርት አስናቀች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ዓመታት ሙሉ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እየተመላለሱ የዓሣ አጥማጅ ሽማግሌዎችን ድምፅ ቀድተዋል። ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ ስለነበር ያን ሁሉ ድምፅ የያዘው ያ ዲስክ ብቻ ነበር።

ጋሼ አልጮኹም። ዲስኩን ነቅለው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ፎርማት የሚያጠፋው ዝርዝሩን ነው፤ ድምፁ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ። መብራቱ ባይጠፋ የትምህርት ቤቱ ፋይል ሙሉ በሙሉ ይጻፍበት ነበር። መብራት ስለጠፋ ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው።

«ነገ ሲመጡ አንተ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ ጋሼ። «እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ነገርኳቸው። የማርሱን ቀልድ ሳይቀር ነገርኳቸው፤ አፌ ላይ እንደዚያ የመረረኝ ቀልድ የለም። መምህርት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የአባባ ዱካሞ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም» አሉ። «ባለፈው ክረምት አርፈዋል።»

ጋሼ «ጥፋቱ የቤቴ ነው» አሏቸው። «የልጆቹ ብቻ አይደለም። ያለን ሙያ ሁሉ ይሠራበታል፤ የማይገኝ ካለም እውነቱን እነግርዎታለሁ።»

የጠፋውን ፋይል ከዲስኩ የሚያወጣልን ፕሮግራም መብራቱ ጠፋ መጣ ስለሚል አራት ቀን ፈጀ። ድምፆቹ ወጡ፤ ስማቸው ግን ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆኑ። ጥቂቶቹም ተቆርጠዋል። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ማዳመጥ ነበረብን። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩትን የሲዳማ ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን፣ የሚያውቀው ታምራት ነው፤ እሱ እየሰማ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። መምህርት ከክፍል ሲወጡ እየመጡ አብረውን ይቀመጡ ነበር። ስለ ነፋስ፣ ስለ መረብ፣ ስለ ጉማሬ ሰማን። አባባ ዱካሞ ግን የሉም። በየቀኑ ማታ ጋሼ «ተገኙ?» ይሉኛል፤ እኔ ገና ያልሰማናቸውን ቁጥሮች አሳያቸዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የሻከረ ድምፅ ሲወጣ መምህርት ብድግ አሉ። አባባ ዱካሞ ነበሩ። ታምራት እየሰማ ተረጎመልኝ።

«ይሄ ዕቃ እኔ ከሞትኩ በኋላም ያወራል?» ይላሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባባ» ይላል የመምህርት ድምፅ።

«እንግዲያው ያቺን ያጠመድኳትን ዓሣ አንድ ክንድ ነበረች አትበይ። ሁለት ክንድ አድርጊያት። እኔን ከሞት ቀስቅሶ የሚጠይቅ የለም።»

መምህርት እየሳቁ አለቀሱ። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እኛ ቀሰቀስናቸው እኮ» አሉ። ከዚያ «ወደ ሥራችሁ» አሉን።

መምህርት ዲግሪያቸውን ሲይዙ የድምፁን አንድ ቅጂ አመጡልን። በላዩ በእጃቸው «አባባ ዱካሞ፣ ሁለት ክንድ» ብለው ጽፈውበታል። አሁን ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤቷን የያዝናት እኔና ታምራት ነን፤ ቅጂው ዛሬም ላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ። ጋሼ ያን ቀን ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። አጠገቤ ቆሙ። ሙያ ያለኝ በዚያ ምክንያት ነው፤ ባመሰግናቸው አይበቃኝም።

በሙያው ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ዲስክ ላይ የባለቤቱን ስምና የሚሠራበትን ጻፉ። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩ። ቀልድ አትተዉ፤ መደርደሪያ ላይ ግን አትለጥፉት።